ሜርቪን ገመዱን ያለፈበት ቀን

በፖርት ኤላሪ ሜርቪን ቶልኸርስትን የማያውቅ ሰው የለም። ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ ነድቷል። ዛሬ በከተማችን ዳቦ የሚጋግረው፣ ፀጉር የምታስተካክለው፣ ጥርስ የሚነቅለው ሁሉ በልጅነቱ ሜርቪን በመስታወት እያየ «ቀበቶህን እሰር!» ብሎ የጮኸበት ነው። ጡረታ ሲወጣ ሚስቱ ግሌኒስና ልጆቹ ተሰባስበው ካሜራ ሰጡት፤ ሌንሱ ክንድ የሚያህል። በዚያው ዓመት ወደ ወፍ ማኅበራችን መጣ፣ ከዚያ በኋላም አንድ ቅዳሜ ቀርቶ አያውቅም።

እኔ ቤሪል ነኝ፤ የማኅበሩ ጸሐፊ። ይህን የምናገረው ሜርቪን ራሱ «ተናገሪው» ስላለኝ ነው። ደግሞ በነገሩ ውስጥ እኔም የማፍርበት ድርሻ አለኝ፤ ሲደርስ አልደብቀውም።

ሜርቪን ከሁላችንም የባሰ ደንብ አክባሪ ነበር። በረጅሙ የባሕር ዳርቻችን ላይ ቆብ ለባሽ የምንላት ትንሽ ወፍ አለች፤ ጥቁር ቆብ የደፋች፣ በዓይኗ ዙሪያ ቀይ ክብ ያላት፣ ቁመቷ ከስኒ ብዙ የማይበልጥ። እንቁላሏን እንዲሁ በግላጭ አሸዋ ላይ ነው የምትጥለው። ጎጆ የላት፣ ሣር የላት። ስለዚህ በየዓመቱ እንጨት ተክለን ዙሪያውን በገመድ እናጥራለን፣ ማስታወቂያም እንሰቅላለን። ሰው ወደ ገመዱ ሲጠጋ በመጀመሪያ የሚጮኸው ሜርቪን ነበር። አንድ ጊዜ ከሜልበርን የመጡ ባልና ሚስት ፎቶ ለመነሣት ገመዱን ሲሻገሩ «ውጡ! አሁኑኑ ውጡ! ማንበብ አትችሉም?» ብሎ ሲያባርራቸው፣ ሴትዮዋ ጫማዋን እዚያው ትታ ሮጠች። እኛ በሳቅ ሞትን። እሱ ግን አልሳቀም።

አንድ ነገር ብቻ ያንገበግበው ነበር። ፎቶዎቹ ሁሉ ከሩቅ የተነሡ ነበሩ። በየዓመቱ በጋ ሲገባ በዋናተኞች ማኅበር አዳራሽ ፎቶዎቻችንን እናሳያለን፤ የሱ ፎቶ ፊት ሰው ቆም ይልና «ጥሩ ነው» ብሎ ያልፋል። አንዴ እንዲያውም አንዱ፣ «ሜርቭ፣ ይቺ ወፍ ናት ወይስ ሌንስህ ላይ ያረፈች ዝንብ?» አለው። ሜርቪን አብሮ ሳቀ። ግሌኒስ በኋላ እንደነገረችኝ፣ ቤት ገብቶ ፎቶውን ከፍሬሙ አውጥቶ አጥፎ ቆሻሻ ውስጥ ጣለው።

ሙቀቱ ገና በጀመረበት በኅዳር አንድ ቅዳሜ፣ ሰባት ሆነን መኪና ማቆሚያው ላይ ተገናኘን። ሜርቪን ቀድሞን ደርሶ ነበር። መሪያችን ዊልማ ፔቲፈር ናት፤ በሆስፒታል ዋና ነርስ የነበረች፣ አሁንም ስትናገር ሰው ከአልጋው እንዳይነሣ የምታዝ የምትመስል ሴት።

«ሜርቭ፣ ይኼ ካሜራ ነው ወይስ መድፍ?» አለችው።

«አንቺ ላይ አልተኩስም፣ አይዞሽ።»

«ሞክረኝና እናያለን!»

እየተሳሳቅን ወረድን። ጠዋት ባሕሩ እስከ አሸዋ ጉብታዎቹ አቅራቢያ ሞልቶ ነበር፤ አሁን እየሸሸ ነው፤ እርጥቡ አሸዋ እንደ መስታወት ያበራል። ከሳይቤሪያ የሚመጡት ትንንሾቹ ወፎች ማዕበሉ ሲሸሽ ተከትለው ይሮጣሉ፣ ሲመለስ ደግሞ ይሸሹታል። እኔ እየቆጠርኩ ጻፍኩ። ሜርቪን በደረቱ ተኝቶ አነሣቸው፤ ሸሚዙ ራሰ፣ አገጩ አሸዋ በአሸዋ ሆነ፣ ደስ ብሎት ነበር።

ከገመዱ መቶ እርምጃ ርቀን ቆምንና ዊልማ ቴሌስኮፑን ተከለች። ወፏ እንቁላሎቿ ላይ ተቀምጣለች። ባሏ ውሃው ዳር ይመላለሳል።

«ሃያ ስድስተኛ ቀኗ ነው» አለች ዊልማ። «ነገ፣ ቢዘገይ ከነገ ወዲያ፣ ይፈለፈላሉ።»

ይህቺ ጥንድ ለሦስት ዓመት አንድም ጫጩት አላሳደገችም። አንዱን ዓመት ባሕር ወሰደባት፣ አንዱን ቀበሮ፣ አንዱን ዓመት ደግሞ ሞተር ብስክሌት የሚነዱ ጎረምሶች ሄዱባት።

«እንግዲህ ከዚህ ማንም አያልፍም» አለች ዊልማ። ከዚያ ወደ ሜርቪን ዞራ ፈገግ አለች፤ «ላንተ እንኳን አልነግርህም። አንተ ንገራቸው።»

ከዚያ እየቆጠርን ወንዙ ባሕር እስከሚገባበት ድረስ ሄድን፤ አንድ ሰዓት የሚፈጅ መንገድ ነው። እዚያ ተቀምጠን ሳንድዊቻችንን ስናወጣ ሜርቪን ቆሞ ቀረ።

«ጉልበቴ አላስቀምጥ አለኝ» አለ። «እኔ ቀስ እያልኩ ልመለስና መኪናው ጋ ልጠብቃችሁ።»

«ሻይ እንኳን ጠጣ እንጂ» ብዬ ከፔርሙሴ ልቀዳለት ስል፣ በእጁ ምልክት አሳይቶኝ ሄደ። አላነከሰም። ያን ጊዜ ግን ልብ አላልኩትም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን የነገረን ራሱ ነው።

ገመዱ ጋ ሲደርስ ግራና ቀኝ አየ። ዳርቻው ላይ ሰው የለም። መጀመሪያ ያሰበው ገመዱ ጋ ቆሞ አንዲት ፎቶ ለማንሣት ነበር። አነሣ። አሁንም ሩቅ ነች። ገመዱን ከፍ አድርጎ በሥሩ ገባ። ወፏ ወዲያው ተነሥታ ሮጠች፤ ትንሽ ራቅ ብላ ክንፏን እንደተሰበረ እየጎተተች ተንፏቀቀች። ሰውን ከእንቁላሏ ለማራቅ እንዲህ ታደርጋለች። ሜርቪን ይህን ያውቃል፣ ለጎብኚዎች ስንት ጊዜ አስረድቷል። ያንንም አነሣው።

ቀጥሎ ወደ እንቁላሎቹ ተጠጋ። ሦስት ናቸው፤ አሸዋ መሳይ፣ ጥቋቁር ነጠብጣብ ያለባቸው። ሲንበረከክ ድምፅ ሰማ። በጣም ቀጭን ጩኸት ነው። ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ጆሮውን ዝቅ አደረገ። ከእንቁላሉ ውስጥ ነው። ጫጩቷ ከቅርፊቱ ውስጥ ሆና ትጮኻለች።

«ያኔ መውጣት ነበረብኝ» አለን። «ሰማኋት። ሰምቼ ደግሞ ‹እንዲያውም ዛሬ ልትፈለፈል ነው› ብዬ ደስ አለኝ።»

ስድስት እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ በደረቱ ተኛና እናቲቱ እስክትመለስ ጠበቀ። አሥር ደቂቃ ብቻ ብሎ ነበር። እሷ ትሮጥና ትመጣለች፣ ታየዋለች፣ ትመለሳለች። አሸዋው ክርኑን እየለበለበው ነበር፤ እንቁላሎቹም እዚያው አሸዋ ላይ እንዳሉ ግን አላሰበም፤ ወይም ማሰብ አልፈለገም። አርባ ደቂቃ አለፈ። በመጨረሻ ወደ ጉብታው ሸሽቶ ሣሩ ውስጥ ተደበቀ። «ከራቅኩላት ትመጣለች» ብሎ ነው።

የቀደሙት ግን ቁራዎች ነበሩ። ሁለት ናቸው። ምናልባት ከመጀመሪያው ጀምሮ ሰውዬው ምን እንዳገኘ ከላይ ሆነው ሲመለከቱ ነበር። አንዱ እንቁላሎቹ አጠገብ አረፈና ራሱን ዘንበል አድርጎ አያቸው።

ሜርቪን ካሜራው ዓይኑ ላይ ነበር። ብርሃኑ ጥሩ ነው። የቁራው ላባ ሰማያዊ ያበራል። እናቲቱ ክንፏን ዘርግታ ከሷ አምስት እጥፍ የሚበልጠው ላይ ስትሮጥበት ይታያል። የሜርቪን ጣት ተጫነ። ደግሞ ተጫነ። አሥራ አንድ ጊዜ አነሣ። ተነሥቶ የጮኸው ከዚያ በኋላ ነው።

ቁራዎቹ አንዱን እንቁላል ይዘው በረሩ። ሁለቱ ተሰብረው ቀሩ።

ቀጥሎ ያደረገውን ሲነግረን ሁለት ጊዜ ጀምሮ ተወው። ደረቅ የባሕር ሣር አነሣና ወደ ኋላ እየተራመደ የጫማውን ዱካ ጠረገ። ተኝቶ የነበረበትን ቦታ ጠረገ። ገመዱ ሥር የገባበትንም ጠረገ። ከዚያ መኪና ማቆሚያው ጋ ሄዶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

ስንመለስ ዊልማ ቴሌስኮፑን ተከለችና ዓይኗን ከሱ ሳታነሣ ቆየች። ያኔ ሁላችንም ገባን። ገመዱን ማለፍ የሚፈቀድላት እሷ ብቻ ስለሆነች ገባች፤ የተሰበረውን ቅርፊት በመሐረቧ ጠቅልላ ወጣች። ስትወጣ ከገመዱ ውጪ፣ ጥግ ጥጉን የሚሄድ የውሻ ዱካ አየች።

«ኬልቪን» አለች።

ኬልቪን ብራኬት ሚስቱ ከሞተች ወዲህ በየማለዳው ከውሻው ጋር በዚያ ዳርቻ የሚሄድ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ ነው። ውሻ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት፣ ታስሮ፣ ይፈቀዳል። መኪና ማቆሚያው ጋ ስንደርስ ዊልማ ትንፋሽ ሳትወስድ ሜርቪንን ጠየቀችው።

«ኬልቪንን ከውሻው ጋር አይተኸዋል?»

ሜርቪን፣ «ጠዋት ስመጣ ከዚያ በኩል ሲወጡ አይቻቸዋለሁ» አለ።

እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው።

ቀጥታ ወደ ጀልባ ማውረጃው ነዳን። ኬልቪን ዓሣ እያጸዳ ነበር፤ ውሻዋ ጠረጴዛው ሥር ተኝታለች። ዊልማ ቅርፊቱን ፊቱ ዘረጋችለት።

«ተደሰትክ?»

«ምንድን ነው ይኼ?»

«እንቁላል ነበር። ውሻህ ጨርሳዋለች።»

ኬልቪን መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ሁላችንንም አየን። «ዊልማ፣ ይቺ እኮ ጥርስ የላትም! ዳቦዋን በውሃ አርሼ ነው የማበላት። አንድ ዓይኗ አያይም። ምኑን ልታገኘው?»

«ዱካዋ ገመዱ ሥር ምን ይሠራል?»

«ባሕሩ ሞልቶ ነበራ! በየት ልሂድ ታዲያ፣ በውሃው ላይ?»

ይህን ጊዜ እኔ ገባሁበት። «ስንት ዓመት ነው የምንለምንህ ኬል?» አልኩት። «ላንተ ሲባል አገሩ ሁሉ ወፍ አልባ ይቅር?» ማንም እንድናገር አልጠየቀኝም ነበር።

ኬልቪን ቢላዋውን አስቀመጠ። ከኋላችን ወደ ቆመው ወደ ሜርቪን ዞረ። «ሜርቭ፣ አንተ ታውቀኛለህ። ልጄን አሥር ዓመት አመላልሰሃል። እስቲ ንገራቸው፣ ፈትቼያት አይተህ ታውቃለህ?»

ሜርቪን ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ይዞ ነበር። ዓሣዎቹን እያየ፣ «እኔ እንጃ ኬል» አለ። «አላየሁም።»

በማግስቱ ማስታወቂያ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የኬልቪን ውሻ እንቁላሎቹን እንዳጠፋች ስሙን ጠቅሼ ጻፍኩና በገበያው በር ላይ ለጠፍኩት። ለማዘጋጃ ቤቱም ደብዳቤ ላክሁ። በሳምንቱ የማዘጋጃ ቤቱ ተቆጣጣሪ ኬልቪን ቤት ሄዶ ውሻዋ ዳርቻውን እንዳትረግጥ አስጠነቀቀው። አንዱ ደግሞ በጀልባው ጋሪ ላይ «ወፍ ገዳይ» ብሎ በቀለም ጻፈበት። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅንም። ኬልቪን ውሻዋን በጠራራ ፀሐይ የእግር ኳስ ሜዳውን ዙሪያ ማዞር ጀመረ። ሜዳው ከሜርቪን ቤት ፊት ለፊት ነው። ሜርቪን ይህን ማየት ስላልቻለ ከበረንዳው ገብቶ መጋረጃውን ዘጋ።

ካሜራውን ከዚያ ቀን ወዲያ አልነካውም። የከፈተችው ግሌኒስ ነች። የፎቶ ማሳያው ቀን ደርሶ ስለነበር፣ እሱ ጓሮ ልብስ ሲያሰጣ ካርዱን አውጥታ ላፕቶፑ ላይ ከተተችው።

«ሜርቭ፣ ና እስቲ።»

መጣ። ፎቶው ስክሪኑን ሞልቶታል። እናቲቱ ክንፏን ዘርግታ፣ ቁራው እንቁላሉን በምንቃሩ ይዞ።

«ይኼ የት ነው?»

ሜርቪን ወደ ተዘጋው መጋረጃ ዞረ።

ግሌኒስ አንድ በአንድ ወደ ኋላ ሄደች። ቁራውን፣ ወፏን፣ እንቁላሎቹን በቅርብ፣ የገመዱን ጥላ አሸዋው ላይ፣ ሁሉንም አየች። ከዚያ እንደገና ወደ ፊት መጣችና ቆጠረች።

«አሥራ አንድ ጊዜ» አለች። «ለምን አልጮህክም?»

«አላውቅም።»

«ኬልቪንስ?»

ትጮኽብኛለች ብሎ ጠብቆ ነበር። እሷ ግን ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ አየችና፣ «ጥሩ ፎቶ ነው» ብላ ተነሥታ ወጣች። በትዳራቸው አርባ ዓመት ውስጥ ከሰማው ሁሉ እንደዚያ ያቃጠለው ነገር የለም።

በዚያው ቀን ኬልቪን ቤት ሄደ። ኬልቪን የዝንብ መከላከያውን የወንፊት በር ሳይከፍት ቆሞ ሰማው። ሜርቪን ሁሉንም ነገረው፤ የጠረገውን ዱካ ጭምር።

«ጨረስክ?» አለ ኬልቪን።

«ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት ኬል።»

«እኔንማ ማንም አልሰማኝም። ለኔ ብትነግረኝ ምን ይጠቅመኛል? እኔ እንዳልገደልኳት አውቅ ነበር እኮ።» ወደ ወንፊቱ ተጠግቶ፣ «ያኔ ጀልባው ጋ ዓይንህን እያየሁ ነው የጠየቅኩህ» አለና የእንጨቱንም በር ዘጋበት።

ቅዳሜ ጠዋት በአዳራሹ ስብሰባ ነበረን። ሜርቪን እጁን አወጣ፤ ዊልማ ስለ ማሳያው ወንበሮች የሚናገር መስሏት «ቆይ ሜርቭ፣ እሱን በኋላ» አለችው። «አይ፣ አሁን ነው» ብሎ ተነሣ። ፊቱ እስከ ጆሮው ድረስ ቀልቶ ነበር። ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ከላይ የነገርኳችሁን ሁሉ ተናገረ። ሰበብ አልፈለገም። ስለ ጫጩቷ ድምፅ ሲደርስ ከኋላ አንዲት ሴት ወንበሯን ገፍታ ወጣች።

ሲጨርስ ዊልማ የነርስነቷን ድምፅ ፈለገችና አጣችው። በመጨረሻ፣ «ጉልበትህንስ አሞህ ነበር?» ብላ ጠየቀችው።

«አላመመኝም።»

የማኅበሩን ቢጫ ሰደርያ አውልቆ አጥፎ ወንበሩ ላይ ትቶ ወጣ። ማንም አልተከተለውም። እኔም አልተከተልኩትም፤ ምክንያቱም ማስታወቂያው በገበያው በር ላይ እንደተለጠፈ ነበር፤ የማስበው ያንን ወረቀት ብቻ ነበር።

በዚያው ሰዓት ሄጄ ቀደድኩት። በምትኩ ሌላ ጻፍኩ፤ ጥፋቱ የኛ እንደሆነ፣ ኬልቪንንም ይቅርታ እንደምንጠይቅ። እሱኑ ይዤ ቤቱ ሄድኩ። ኬልቪን አንብቦ መለሰልኝ።

«ጥሩ ነው ቤሪል» አለ። «ግን ያንን ያነበበው ሁሉ ይኼን አያነበውም።»

እውነቱን ነበር። ተቆጣጣሪው እገዳውን አንሥቶ ደብዳቤ ላከለት፤ ኬልቪን ግን ወደ ዳርቻው አልተመለሰም። «አስጠልቶኛል» አለ። ዛሬም ከተማው ውስጥ «ያ ውሻው ወፍ የበላችበት ሰውዬ» የሚሉ አሉ፤ በሰማሁ ቁጥር አርማለሁ፤ አንዳንዱ ያምነኛል፣ አንዳንዱ ትከሻውን ይሰብቃል።

ወፏ በጥር እንደገና እንቁላል ጣለች፤ ከወንዙ ማዶ፣ እኛ እንኳን በቀላሉ በማንደርስበት ቦታ። ሁለት ተፈለፈሉ፣ አንዷ በረረች። ዊልማ ይህን ለሜርቪን ልትነግረው ቤቱ ድረስ ሄዳ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ ሰማት፣ «አመሰግናለሁ» አላት፣ «ግቢ» አላላትም። ወደ ማኅበሩ እንዲመለስ ስትጠይቀውም ራሱን በእምቢታ ነቀነቀ። የሚያደርገው አንድ ነገር ነው። ገመድ በምንዘረጋበት ቀን እንጨቶቹንና መዶሻውን በመኪናው ያመጣልንና መኪና ማቆሚያው ላይ አራግፎ፣ አሸዋውን ሳይረግጥ ይመለሳል።

ክረምት ሲገባ የኬልቪን ውሻ ሞተች። ሜርቪን በፖስታ ቤት ሰማ። ቤት እንደደረሰ ንጹሕ ሸሚዝ ለበሰና የመኪናውን ቁልፍ አነሣ።

«ወዴት ነህ?» አለችው ግሌኒስ።

«ኬልቪን ጋ። አፅናናዋለሁ። ጉድጓድም ቢሆን እቆፍርለታለሁ።»

ግሌኒስ እጇን ከሳህን ማጠቢያው አውጥታ አደረቀች። «ሜርቭ፣ ለሱ ብለህ ነው የምትሄደው ወይስ ላንተ?»

ሜርቪን ቁልፉን በእጁ እንደያዘ በሩ ላይ ብዙ ቆመ። ከዚያ ቁልፉን ቦታው ሰቀለ፣ ሸሚዙንም ቀየረ። ከሰዓት በኋላ በመንገዳቸው ሳልፍ በረንዳው ላይ ተቀምጦ አየሁት። እጄን ሳውለበልብለት፣ እንደ ሌላው ጊዜ አልመለሰልኝም፤ መሬት መሬቱን ያይ ነበር።